የመጨረሻውን ምዕራፍ ባታነቢው

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ነው፤ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በአንዲት የወረዳ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ሁለት ዓመት የማውቀው ሰው አለ። በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሁለታችንም ማንበብ ስለምንወድ መጽሐፍ እንዋዋሳለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከገበያው ማዶ ካለች ሻይ ቤት እንገናኛለን፤ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይደርሳል፣ ስገባ ጥግ ይዞ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ጨዋታው አይጠገብም። ግራ እግሩ ግን ዝሆኔ ነው። ሰፋ ያለ ሱሪና በእግሩ ልክ የተሠራ ትልቅ ጫማ ስለሚያደርግ ብዙም አይታይም፤ ቢሆንም ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ አንድ ልብ ወለድ አዋሰኝና፣ ልንለያይ ስንል ‘ሽማግሌ ልላክ ወይ?’ ብሎ ጠየቀኝ። ደነገጥኩ። ‘ትንሽ ጊዜ ስጠኝ’ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰበብ እየፈለግሁ እቀራለሁ።

መጽሐፉ በቅርብ የወጣ የፍቅር ታሪክ ነው። አንዲት ሴት ድምፁን በስልክ ብቻ የምታውቀውን ሰው ትወድዳለች፤ በአካል ስታገኘው የፊቱ እኩሌታ በልጅነቱ በእሳት ተበልቷል። ትሸሻለች፣ ትመለሳለች፣ ከመልኩ ባሻገር ያለውን ሰው ማየት ትማራለች። ሲሰጠኝ እየሳቀ ‘የመጨረሻውን ምዕራፍ ባታነቢው ደስ ይለኛል’ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን አነበብኩት፣ እንዲያውም ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ። ጠዋት ስነሣ በራሴ አፈርኩ። በወረቀት ላይ ላለ ሰው ያን ያህል አልቅሼ፣ በሕይወት ካለው ሰው እሸሻለሁ።

እናቴ ‘ይህ በዘር የሚሄድ ነው፤ ነገ ልጆችሽን ምን ልትያቸው ነው? ልብ ወለዱ ልብሽን ወሰደው’ ትላለች። እሱን ሳስበው ልቤ ይወደዋል፤ እግሩ ትዝ ሲለኝ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ይህ ኃጢአት ነው? መጽሐፉ እያታለለኝ ነው ወይስ እናቴ? ላግባው?»

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን እርሳስ ይዤ ነው። መጽሐፉን ሳላይ መልስ መስጠት ደግሞ ተገቢ ስላልመሰለኝ ባሕር ዳር ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ ገዝቼ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ርዕሱን እዚህ የማልጠቅሰው መጨረሻውን ስለምናገር ነው፤ ገና ያላነበቡት እንዳይቀየሙኝ።

ከእንባሽ ልጀምር። በወረቀት ላይ ላለ ሰው ማልቀስ አያሳፍርም። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አንቺም ያለቀስሽው ከአንጀትሽ ነው። ያን ሰው ስትወጂው ጎረቤት አላየሽም፣ እናት አልተቆጣሽም፣ ነገ ምን ይባላል የሚል ሐሳብ አልያዘሽም። ልብሽ ያለ ፍርሃት ሲቀር ምን ማድረግ እንደሚችል በዚያች ሌሊት አይተሻል። ይህን እንደ ቀላል ነገር አትቁጠሪው። ዕድሜ ልካቸውን ልባቸውን ሳያውቁ የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

ግን ለምን እንደቀለለሽም ልንገርሽ። ደራሲዋ ያን ሰው የነሣችው የፊቱን እኩሌታ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ሰጥታዋለች፤ ቁመቱ መለሎ፣ ድምፁ የሚያባባ፣ ቤቱ ፎቅ፣ ኪሱ የማይጎድል። አንዲቱን ጉድለት በስንት ጸጋ እንደከበበቻት መጽሐፉን ገልጠሽ ቁጠሪ። አንባቢዋ ቀና ብላ የምታየው መልካም ነገር ስለሚበዛላት ጠባሳውን ማለፍ አይከብዳትም። ወረቀት ደግሞ ሽታ የለውም። ያንቺ ሰው በወር ደመወዝ የሚኖር፣ ክረምት ሲመጣ በጭቃው መንገድ እየተቸገረ ሥራ የሚገባ ሰው ነው። በእሱና በልብ ወለዱ ሰው መካከል ያለውን ርቀት ሳታዪ በአንዱ ያለቀስሽውን ይዘሽ በሌላው ራስሽን አትውቀሺ።

ይህን ስል መጽሐፉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ እጄን አፌ ላይ አስጭኖኛል። ምግብ ቤት የገቡበትን ምዕራፍ ታስታውሺዋለሽ? ሰውየው ገና ከበሩ ሲገባ ዓይኑ ወንበር ይመርጣል፤ የተቃጠለው ጉንጩ ወደ ግድግዳው የሚዞርበትን። አስተናጋጁ ትዕዛዝ ሲቀበል የሁለቱንም የሚጠይቀው እሷን ነው፣ «እሳቸውስ ምን ይፈልጋሉ?» እያለ። እሷ ምንም አትልም። ተነሥታ ወንበሯን ታዞርና ከግድግዳው በኩል፣ ከተቃጠለው ጉንጭ ጎን ትቀመጣለች። ደራሲዋ ይህን የጻፈችው ሰው ከማየት ነው፤ ከምኞት ብቻ አይገኝም።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ተመለሺ። «ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይደርሳል፣ ስገባ ጥግ ይዞ ተቀምጦ አገኘዋለሁ» ብለሽ ጽፈሻል፤ እንደ ጨዋነት አይተሽው አልፈሻል። እርሳሴ የቆመው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ፣ ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመድ አይተሽው ታውቂያለሽ? ስትለያዩስ ቀድመሽ የምትወጪው አንቺ አይደለሽም? ይህ ሰው በየሳምንቱ ቀደም ብሎ የሚመጣው ስትመጪ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር እንዲቆይሽ ነው።

መጽሐፉንም ያዋሰሽ እሱ ነው። ያውም ሽማግሌ ልላክ ባለሽ ዕለት። ስለ እግሩ በአፉ ሊነግርሽ ያልቻለውን በሌላ ሰው ብዕር አስነገረሽ፤ ይህ የእሱ ደብዳቤ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ባታነቢው ደስ ይለኛል ሲልሽም እየሳቀ ይበለው እንጂ ቀልድ አልነበረም።

በዚያ ምዕራፍ ምን እንደሚሆን ላላነበቡት ልንገር። ሰውየው ባሕር ማዶ ይሄዳል፣ የታወቀ ሐኪም ፊቱን ያድስለታል፣ ፋሻው ሲፈታ መስተዋት ያቀርቡለታል፣ ልጅቷም አይታ ታለቅሳለች። አንቺ ከሁሉ የወደድሽው ይህን ነው። እኔ ግን በዚህ ምዕራፍ ከደራሲዋ ጋር ተጣልቻለሁ። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ መልክ አይደለም ዋናው ስትለን ቆይታ፣ በመጨረሻው ለፍቅራቸው የሰጠችው ሽልማት መልክ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ያስተማረችንን በአሥራ ሁለት ገጽ አፈረሰችው። አንባቢዋ የምትሄደው «ታግሠሽ ብትወጂ፣ ነገሩ ይስተካከልልሻል» የሚል ተስፋ ይዛ ነው።

ያንቺ ሰው ይህን ምዕራፍ እንዴት እንዳነበበው አስቢ። ለዓመታት ያበጠ እግር በእንክብካቤ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ቁስሉ ይደርቃል፣ ሰውየው በደኅና ይሠራል፣ ይኖራል። ሙሉ ለሙሉ እንደ ሌላው እግር መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። እሱ ይህን ያውቃል። የመጨረሻ ምዕራፍ የሌለውን ታሪክ ነው ይዞልሽ የመጣው። መጨረሻው እጅግ ደስ አለኝ ብለሽ መጽሐፉን ብትመልሺለት ምን እንደሚሰማው እኔ መናገር አያስፈልገኝም።

ስለ በሽታው እንነጋገር፤ እዚህ ላይ አንቺም እናትሽም ያልተነገራችሁ ብዙ ነገር አለ።

በአገራችን ዝሆኔ ሲባል ሁለት በሽታ በአንድ ስም ይጠራል። አንዱ በቆላ በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ከጥገኛ ትል የሚመጣ ነው። የደጋው፣ የእኛ የጎጃሙ፣ ግን ትልም ትንኝም የለበትም። ከአፈር ነው የሚመጣው። ከፍታቸው ከ1000 ሜትር፣ ዓመታዊ ዝናባቸው ከ1000 ሚሊ ሜትር በሚበልጥ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባላቸው አገሮች ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ላይ ይወጣል። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳው ይገቡና ከእግሩ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግሩ ከታች ወደ ላይ ያብጣል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ በአገራችን የሠራ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው ነገሩን ከአፈሩ ጋር አያይዞ ያጠናውና ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ያወጣለት። ስለዚህ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ አንድ አልጋ ላይ በመተኛት፣ እግሩን በእጅ በማጠብ አይያዝም። ሰውየው የተያዘው በልጅነቱ ጫማ ስላልነበረው ነው፤ እርሻው ላይ፣ ከብት ጥበቃው ላይ፣ ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ። ያንቺ ከተማ ተማሪዎች በክረምት ጫማቸው ላይ ይዘውት የሚመጡት ያ ቀይ ጭቃ ነው ያደረሰበት።

እናትሽ «በዘር የሚሄድ ነው» ማለታቸው ከባዶ የተነሣ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በወላይታ ሕሙማን ላይ የተደረገ የዘር ጥናት እንዳሳየው አንዳንድ ቤተሰብ ለዚህ አፈር ከሌላው ይልቅ ተጋላጭ ነው። አያቶቻችን በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሲያብጥ አይተው ዘር ነው ማለታቸው ዓይናቸው ስላየ ነው። ያልታያቸው ነገር ተጋላጭነቱ ብቻውን ምንም እንደማያደርግ ነው፤ ባዶ እግርና አፈር ካልተገናኙ በሽታው አይመጣም። ልጆቻችሁ ከመጀመሪያ እርምጃቸው ጀምሮ ጫማ ካደረጉና እግራቸው በሳሙና ከታጠበ ዝሆኔን መከላከል ይቻላል። እናትሽ «ልጆችሽን ምን ልትያቸው ነው?» ላሉት መልሱ «ጫማችሁን አድርጉ» ነው።

ለእሱም መድኃኒቱ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ የጤና ባለሙያው በሚለካው መጠን ጥቂት በረኪና በገባበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ሲተኛ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ አለመለየት። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማን የተሳተፉበት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን እንክብካቤ የያዙት ሰዎች በትኩሳት አልጋ ላይ የሚጥላቸው ድንገተኛ ሕመም እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። ያልታጠበና የቆሰለ እግር ይሸታል፤ ይህን አልደብቅሽም፣ ሰው የሚሸሸውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የታጠበ እግር ግን ሽታው እንደ ማንም እግር ነው። በልክ የተሠራ ጫማ ማድረጉ ይህ ሰው ራሱን እንደሚጠብቅ ይነግረኛል።

ሰውነቴ ይሸማቀቃል ላልሽው አንድ ያየሁትን ልንገርሽ።

በልጅነቴ ክረምቱን ሞጣ አካባቢ አክስቴ ቤት እሰነብት ነበር። ባሏን ጋሼ እለው ነበር፤ ሁለቱም እግሮቹ ዝሆኔ ነበሩ። ቆዳው ከቁርጭምጭሚቱ በታች እንደ ዋንዛ ቅርፊት የተሰነጣጠቀ ነበር። ድግስ ሲጠራ ከዳሱ ጫፍ ይቀመጣል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከቅጽሩ ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ይቆማል። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የሕዝቡን እግር በወይራ ቅጠል ሲያጥቡ እሱ ከዛፉ ሥር አይነሣም፤ ማንም ከልክሎት ሳይሆን ራሱ ከልክሎ። እኔ እፈራው ነበር። ደግ ሰው ነበር፣ እሸት ጠብሶ ሲሰጠኝ ግን እጁን ሳይሆን እግሩን ነበር የማየው።

ማታ ከብቶቹ ገብተው በሩ ሲዘጋ አክስቴ ውኃ ታሞቃለች፣ ገበቴውን ከእሳቱ አጠገብ ታኖራለች፣ የተወቀጠ እንዶድ ትበጠብጥበታለች። አረፋው ሲነሣ እግሮቹን አንድ በአንድ ታስገባቸዋለች። በስንጥቆቹ መካከል በጣቷ እየገባች፣ ምን እንደምታወራ ታውቂያለሽ? ስለ ላሟ። ቡሬዋ ላም ዛሬ ወተት ለምን እንደነሣች፣ የጨው ዋጋ ስንት እንደገባ፣ የጎረቤቱ ልጅ ለቅኔ ትምህርት ወዴት እንደሄደ። እሱም ይመልሳል፣ ይከራከራል፣ አንዳንዴ ይስቃል። እጇ እዚያ ነው፣ ወሬዋ ሌላ ቦታ ነው። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜ አያለሁ። አንድ ማታ ቀና አለችና «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ያን አሮጌ ነጠላ አቀብይኝ እንጂ» አለችኝ። አቀበልኳት። በሚቀጥለው ማታ ሳልጠየቅ ይዤ ቀረብኩ። የዚያ ክረምት መጨረሻ ላይ እግሩን መፍራቴን የተውኩት መቼ እንደሆነ አላውቀውም፤ ብቻ እሸቱን ሲሰጠኝ ፊቱን አየው ጀመር።

አክስቴን ከመልኩ ባሻገር ታየው ነበር ልልሽ አልችልም። መጽሐፍሽ እንዲህ ይላል፣ ሰውም እንዲህ ይላል፣ እኔ ግን አባባሉ አይጥመኝም። ባሻገር ማየት ማለት እግሩን መጋረጃ አድርጎ ከጀርባው የተሻለ ሰው መፈለግ ነው። አክስቴ እግሩን ነበር የምታየው፤ የት እንደቆሰለ፣ የት እንደደረቀ፣ የትኛው ጣት ዛሬ እንዳመመው ታውቅ ነበር። በየማታው ስላየችው እግሩ እግር ሆነላት።

ስለዚህ ድንጋጤሽ ኃጢአት አይደለም። ዓይን ያልለመደውን ይሸሻል፤ የለመደውን ደግሞ አያስተውለውም፣ የቆንጆ ሰው መልክ እንኳ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ ይረሳል። ኃጢአት ከተባለ ሳያዩ መፍረድ ነው። አንቺ እስከ አሁን የሸሸሽው አይተሽው ከማታውቂው እግር ነው። የሚያስደነግጥሽ የሰው ወሬ የሣለልሽ እግር ነው፤ ምናልባት ከእውነተኛው የከፋ። ዝም ብሎ ከመፍራት ራሱን ጠይቂው። መቼ እንደጀመረው፣ እንዴት እንደሚያጥበው፣ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ። ነውር አይደለም። ጫማውን አውልቆ ሊያሳይሽ ቢፈቅድ ትልቅ ነገር እንደሰጠሽ እወቂ፤ ባይፈቅድ አትጫኚው፣ ጊዜ ስጪው።

«ላግባው?» ላልሽው እኔ አግቢው አልልሽም። ሐዘኔታ ይዘሽ አትግቢ፤ ለጽድቅ ብለሽ፣ ራስሽን ከመጽሐፉ ሴት ጋር ለማስተካከል ብለሽ፣ በራስሽ ስላፈርሽ ብለሽ አትግቢ። ሰው በየማለዳው ከሚያዝንለት ሰው ጎን መንቃት አይፈልግም። እንዲህ ያለ ትዳር የሚጀምረው በምስጋና ነው፣ ዓመት ሳይሞላው ግን ሁለቱም ዕዳ ከፋይ ይሆናሉ። የምትወጂው ከሆነ፣ ማለትም ጨዋታው፣ ንባቡ፣ ሰውነቱ ሁሉ የሚናፍቅሽ ከሆነ፣ ከእነ እግሩ ውሰጂው። ካልሆነ ደግሞ ንገሪው፣ ቶሎ። ትምህርት ልቀጥል ነው፣ ቤተሰብ አልፈቀደም፣ እያልሽ ሰበብ አትደርድሪለት። ሰበቡን ከመናገርሽ በፊት ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ ሰምቶት ይሆን? እውነቱን የምትነግረው ሴት ባታገባውም እንደምታከብረው ልቡ ይነግረዋል። የሚጎዳው ያንቺ በየቅዳሜው መቅረት ነው። አሁንም እዚያ ጥግ ተቀምጦ እየጠበቀሽ ሊሆን ይችላል።

ለእናትሽ አንድ ነገር ልምከርሽ። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ሲላክ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እናትሽም ያደጉበት ነው፣ ክፉ ሆነው አይደለም። ክርክር አትግጠሚያቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቡና ጋብዣትና እሷ በእሳቸው ፊት ስለ አፈሩና ስለ ጫማው ታስረዳ፤ ከልጅ አፍ ከሚሰሙት ከእሷ ይቀበሉታል። «ልብ ወለዱ ልብሽን ወሰደው» ሲሉሽ ደግሞ ፍቅር እስከ መቃብርን አስታውሻቸው። የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁ አገር እዚሁ ጎጃም ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍም ታሪኩ የእኛው መሬት ታሪክ ነው። ማንበብ የማይችሉት እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተውታል፤ እናትሽም ሰምተው ይሆናል። በዛብህ መልከ መልካም ነው፣ የተማረ ነው፣ ከሰብለ ወንጌል የለየው የዘሩ ነገር ነው፤ የድኻ ገበሬ ልጅ በመሆኑ ለፊታውራሪ መሸሻ ልጅ አይሆንም ተባለ። ነገሩ ስሕተት መሆኑን በግልጽ የተናገረው ካሣ ዳምጤም ጉዱ ካሣ ተባለ። ለበዛብህ ያላለቀሰ ጎጃሜ አላውቅም። እናትሽ ለእሱ አልቅሰው ከሆነ፣ አንቺ በወረቀት ሰው አለቀስሽ ብለው ሊወቅሱሽ አይችሉም። እንዲያውም ይህንን አዲሱን መጽሐፍ ማታ ማታ ከእሳቱ ዳር ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ምግብ ቤቱ ምዕራፍ ስትደርሺ ቀስ በይ።

አሁን ወደ ቅዳሜ ልመልስሽ። በዚህ ሳምንት አትቅሪ። ከእሱ ቀድመሽ ድረሺ፤ ከተለመደው ሰዓት አንድ ሰዓት በፊት ሂጂ ብል አላበዛሁም፣ እሱም ቶሎ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። እሱ የሚቀመጥበትን ጥግ ተዪና ፊትሽን ወደ በሩ አድርገሽ ተቀመጪ። በሩ ላይ ሲደርስ ያይሽና ይደነግጣል፤ ምናልባት ለመመለስም ያስባል። ስልክሽን አትመልከቺ፣ ሻይሽን አታማስዪ። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ሲራመድ እይው፣ እግሩንም ፊቱንም፤ ሲደርስ ወንበር ሳቢለት። ከዚያ መጽሐፉን አውጪና የመጨረሻውን ምዕራፍ እንዳነበብሽው ሳትደብቂ ንገሪው። ለምን እንዳታነቢው እንደፈለገ እሱ ራሱ ይንገርሽ፤ ከአፉ ስሚው። ከዚያ በኋላ ጻፊልኝ።